«ማን አሰረኝ?» ላለኝ ሙሽራ

አንድ ገበሬ ነበረ፤ ጉልበቱ የሚያስፈራ፣ ቃል ግን ከአፉ የማይወጣ። ሚስት አገባ። በሠርጉ ሌሊት ሚዜዎቹ ጫጉላው ደጃፍ ላይ ተኮልኩለው «በል እንግዲህ፣ አታሰድበን!» እያሉ መዝፈን ያዙ። እሱ የዘፈኑን ድምፅ በሰማ ቁጥር ላብ በላብ ይሆናል፤ የወንድነቱ ነገር ጭራሽ ከእሱ ጋር ያለ አይመስልም። ጥርሱን ነክሶ ራሱን አስገደደ። ባስገደደ ቁጥር ባሰበት። ሲነጋ ሚዜዎቹ ይዘው የሚጨፍሩበት የብር አምባር ጨርቅ አጡና አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ።

በዚያ አገር እንዲህ ያለው ሰው «ታመመ» አይባልም፤ «ታሰረ» ነው የሚባለው። ታሰረ ከተባለ ደግሞ አሳሪ ይፈለጋል። እናቱ ደረቷን እየደቃች «ወይኔ ልጄን! ያ ይርዳው ነው! ልጅቱን ጠይቆ የተከለከለው!» አለች። ይርዳው ከወንዝ ማዶ የሚኖር፣ ለሰውም ለከብትም ክፉ የማያስብ ጎልማሳ ነበር። ገበሬው መጀመሪያ አላመነም። ጎረቤቱ ግን «ተው፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ!» አለው። ነገሩ ጆሮው ውስጥ ቀረ።

ሚስቱ ብቻ ሌላ ነገር አይታ ነበር። አንድ ማለዳ አፍራ፣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና «አንተ፣ ተኝተህ እያለ እኮ ደህና ነህ። አይቼሃለሁ። ምንም አልጎደለህም» አለችው።

እውነቷን ነበር። እሱም ጎህ ሲቀድ ሲነቃ ያውቀዋል። ግን «ይኸው፣ ዛሬስ!» ብሎ ገና ሲያስብ ያ ፍርሃት ይመጣና ሁሉም ይከዳዋል። ቃሏ መድኃኒት ነበር፤ እሱ ስድብ አደረገው። «ደግሞ ትሳለቂብኛለሽ?» ብሎ ሽመሉን አንሥቶ ወጣ።

ይርዳው አውድማው ላይ እህል በአቁማዳ እየሞላ ነበር። ገበሬው ፊቱ ቆሞ «ፍታኝ!» ብሎ ጮኸ።

«ምኑን?» አለ ይርዳው፣ የሞላውን አቁማዳ አፍ በጠፍር እያሰረ።

«ያሰርከውን ፍታ!»

ይርዳው እጁ ላይ ያለውን ጠፍር አየና ሳቀ። «ይኸን? አሁን ገና አስሬው እንዴት ልፍታው፣ ወንድሜ?»

ክፋት የሌለበት ሳቅ ነበር። ገበሬው ግን በእሱ የተሳቀ መሰለው። ሽመሉ የይርዳው አናት ላይ አረፈ፤ ይርዳውም ዳግመኛ አልተነሣም። እህሉ ፈሰሰ፤ ደም ገባበት። ገበሬውን የፊጥኝ አስረው ወሰዱት።

ወኅኒ ቤት ውስጥ ሚዜ የለ፣ ዘፈን የለ፤ ማለዳ ማለዳ ሲነቃ ሰውነቱን ደህና ሆኖ ያገኘዋል። ያኔ ገባው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ያለቅስ ነበር። ማንም አላሰረውም።

ስማ እንግዲህ ልጄ። አንተም ከጫጉላህ ወጥተህ «ማን አሰረኝ?» እያልክ መጣህ፤ አንድ ስምም ምላስህ ላይ እንዳለ አይቻለሁ። ዋጠው! የወንድነት አካልህ አጥንት የለውም፤ እንደ ክንድህ «ተነሣ» ስትለው የሚነሣ ሥጋም አይደለም። ውስጡ ያለው ለስላሳ ጡንቻ ውሎ የሚያድረው ተኮማትሮ ነው፤ ደሙን የሚያግደው እሱ ነው። ሲላላ ደም ይገባና ይሞላል። ስትፈራና ስትጣደፍ የባሰውን ይኮማተራል። አቁማዳ ነው በለው፤ አፉን ጨምቀህ ይዘህ «ሙላ!» ብትለው ከየት አምጥቶ ይሞላል? ጎህ ሲቀድ ደህና ከሆንክ የያዘህ ፍርሃትህ ነው። ያኔም ካልሆነልህ የደም ሥር ወይም የስኳር ነገር ሊሆን ይችላልና ሐኪም ጋ ሂድ፤ ነውር የለበትም። ያም ሆነ ይህ ደጃፍህ ላይ የሚዘፍኑትን አባርራቸው፤ ከሚስትህ ጋር እያወጋህ ተኛ።

ሽመልህን ግን እዚሁ ትተህልኝ ሂድ።