በሁለት እጅ የተሞረደች ዓቂቅ

ግንብ በነበራት አንዲት ጥንታዊ ከተማ ሐጂ ሙዘሚል የሚባሉ የጨው ነጋዴ ይኖሩ ነበር። የከተማዋን ስም አልናገርም። የነገሩኝ ሰዎች ራሳቸው አይስማሙበትም፤ ደግሞም ስሟን ብጠራ፣ ወሬው የሌላ አገር ነው ብሎ ተዝናንቶ የሚቀመጥ ሰው አላጣም።

ሐጂ ሚዛናቸው የማይታማ፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ አዛውንት ነበሩ። ታዲያ አንድ የሚገርም ነገር ነበራቸው። ከተሲያቱ የዐስር ሰላት በኋላ ሱቁን ለልጃቸው ትተው ግቢያቸው ካለው ሾላ ሥር ይቀመጡና ድንጋይ ይሞርዳሉ። አዎ፣ ድንጋይ! ጎርባጣውን ድንጋይ ኳስ እስኪሆን ይሞርዱታል፣ እንደ መስታወት እስኪያበራ ይወለውሉታል፣ ከዚያ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡታል። አይሸጡትም። "ሐጂ፣ ይህ ምን ይጠቅምዎታል?" ሲሏቸው፣ "በዚህ ሰዓት ሰው ከማማት ያድነኛል" ይሉ ነበር።

አሠራሩን ልንገራችሁ፣ ኋላ ያስፈልገናልና። አንጥረኛ የሠራላቸው ሁለት የብረት ዋንጫዎች አሏቸው። ድንጋዩ በሁለቱ ዋንጫዎች አፍ መሃል ይገባል፣ እርጥብ አሸዋ ይደረግበታል፣ አንደኛው ዋንጫ ወዲህ ሌላው ወዲያ ይሽከረከራል። በየመሃሉ ድንጋዩን ማገላበጥ ግድ ነው። አንዱ እጅ ከሌላው አብልጦ የተጫነ እንደሆነ ኳስ መሆኑ ቀርቶ እንቁላል ይሆናል፤ እሱን ለማስተካከል ደግሞ እንደገና በሻካራው አሸዋ መፋቅ ነው። በተፋቀ ቁጥር ያንሳል።

ከድንጋዮቻቸው ሁሉ አንዲቱን ገና አልነኳትም ነበር። ከሐጅ ሲመለሱ አንድ የየመን ወዳጃቸው የሰጣቸው፣ ነጭ መቀነት የታጠቀች የምትመስል፣ ትልቅ ብርቱካን የምታህል፣ ዓቂቅ የምትባል ቀይ የከበረች ድንጋይ ናት። በሐጅ በለበሱት፣ ለከፈናቸውም ባስቀመጡት ነጭ ኢሕራም ጠቅልለው፣ "እጄ ሲበስል እሠራታለሁ" እያሉ ዓመታት አቆዩዋት። እጃቸው በሰለ። ከዚያም ደከመ።

በዚያው ሰፈር እማማ ሩቅያ የሚባሉ ባልቴት ነበሩ። ሁለት ልጆቻቸው፣ ታላቁ ሙህዲንና ታናሹ ሸምሱ፣ የአባታቸውን አትክልት ቦታ ተካፍለው በአንድ ቦይ ያጠጣሉ። በበጋው ሙህዲን ከላይ ሆኖ ቦዩን በግድብ ዘጋው፤ የሸምሱ ብርቱካን ደረቀ። ሸምሱም ተናዶ ግድቡን በዶማ አፈረሰው፤ ውሃው የሙህዲንን የችግኝ መደብ ጠርጎ ወሰደው። ከዚያ በኋላ ሰላምታ የለም። ሸምሱ ከወንድሙ ጋር በአንድ የሰላት ሰፍ ላለመቆም መስጊድ ቀየረ። ሽማግሌ ተቀምጦ ነበር፤ ሁለቱም ምስክር አስከትለው መጡና ነገሩ ከመጀመሪያው ባሰ። ሙስሊም ወንድሙን ከሦስት ቀን በላይ ማኩረፍ እንደማይፈቀድለት ሁለቱም አሳምረው ያውቃሉ። ምን ዋጋ አለው! እኛስ አናውቅም?

ረመዳን ሊገባ ሲል እማማ ሩቅያ ሐጂ ዘንድ መጡ።

"ሐጂ፣ ልጆቼ አንድ ጡት ነው የጠቡት" አሉ። "በኢድ ጠዋት ሁለቱ አብረው ደጄን ካላንኳኩ አልከፍትም። ወደ ወንድሜ አገር እሄዳለሁ፣ እዚያው እቀበራለሁ። ወላሂ ብያለሁ፤ እንግዲህ አንድ በሉኝ።"

ሐጂ ሴትየዋ ያሉትን የሚያደርጉ ሰው መሆናቸውን ያውቃሉ። ሲሸኟቸው፣ "አላህ ያውቃል፤ ዱዓ ያድርጉልኝ" ብቻ አሉ።

በረመዳን መጀመሪያ ሁለቱን ወንድማማቾች ከዐስር በኋላ ጠሩና ሾላው ሥር ፊት ለፊት አስቀመጧቸው።

"ፍርድ ከፈለጋችሁ እፈርዳለሁ" አሉ። "መጀመሪያ ግን እርዱኝ። እጄ ደክሟል። አንዱን ዋንጫ አንተ ያዝ፣ አንዱን አንተ። ይቺ ኳስ ስትሆንልኝ ፍርዱን እሰጣለሁ።"

ዳኛን ማን ያስቀይማል? ሁለቱም እሺ አሉ። ሐጂ ኢሕራሙን ፈትተው ዓቂቋን ሲያወጡ ግን ባለቤታቸው ሙሉካ ከቤት ደንግጠው ወጡ።

"ሐጂ፣ ግቢው ሙሉ ድንጋይ አይደለም እንዴ? ለጠበኛ የምትሰጠው ይቺን ነው?"

"ጥቁር ድንጋይ ብሰጣቸው ጥለውት ይሄዳሉ" አሉ ሐጂ። "ይቺን ለመጣል ይከብዳቸዋል።"

ሥራው ተጀመረ። ወንድማማቾቹ አይነጋገሩም፤ ዓይን ለዓይንም አይተያዩም። ሙህዲን ሲገፋ ሸምሱ ይመልሳል፣ ሸምሱ ሲጫን ሙህዲን ይብሳል። ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ሲደርስ ሐጂ ድንጋይዋን ለጥ ያለ እብነ በረድ ላይ አንከባለሏት። እየተወላገደች ሄዳ በጎኗ ተኛች።

"እንቁላል ሆናለች" አሉ። "ነገ እንደገና።"

በማግስቱም እንቁላል። በሳልስቱም እንዲሁ። ብርቱካን የምታህለው ዓቂቅ ከቀን ወደ ቀን ስትሟሽሽ ሐጂ ያያሉ። ሐጂም ሰው ናቸው። አንድ ቀን ወደ ቤት ገብተው ብቻቸውን ሲቀመጡ ሙሉካ አይተው፣ "በሌላ ድንጋይ እንቀይርላቸው?" አሏቸው። ሐጂ ራሳቸውን ነቅንቀው ውዱእ ሊያደርጉ ተነሱ። ሰብር፣ ትዕግሥት ማለት፣ ምንም አለመሰማት የሚመስለን ብዙ ነን። የሐጂ ሰብር ግን እያቃጠላቸው ነበር።

ሙህዲን አንድ ቀን አላስችል አለው። "ሐጂ፣ እኔኮ እኩል ነው የማዞረው። የሚገፋው እሱ ነው።"

"ወላሂ፣ እሱ ነው!" አለ ሸምሱ።

ሐጂ ድንጋይዋን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው አገላበጧት። "ይቺ ድንጋይ ማን እንደገፋት አትነግረኝም" አሉ። "እንደተገፋች ብቻ ነው የምትናገረው። ሥሩ።"

ረመዳን ሲጋመስ አንድ ቀን ፀሐዩ ከረር አለ። በዋንጫዎቹ መሃል ያለው አሸዋ ደረቀ፣ ብረቱ ጋለ፣ ድንጋይዋ ሲጢጥ ሲጢጥ ማለት ጀመረች። እንዲህ ትንሽ ከቆየች ትሰነጠቃለች። የውሃው ማሰሮ ያለው ከሙህዲን ጎን ነው። ሸምሱ አንገቱን እንደደፋ፣

"ውሃ ጨምርልኝ" አለ።

ከበጋ ወዲህ ለወንድሙ የተናገራት የመጀመሪያ ቃል ይቺ ናት። ያውም ስለ ውሃ! ሙህዲን እጁ ቀጥ አለ። ሐጂ ተስቢሓቸውን እየቆጠሩ ወደ ሾላው ቅጠል አንጋጠዋል፤ እንዳልሰማ ሆነዋል። ሙህዲን ማሰሮውን አነሳ፣ አፈሰሰ። ሸምሱ "በቃ" አላለም፤ ሙህዲንም ማፍሰሱን አልተወም፤ ውሃው ከዋንጫው ሞልቶ በሁለቱም እጅ ላይ ወረደ። ሙህዲን ያን ጊዜ ነው ያለቀሰው። ፊቱን በክንዱ ሸፈነ።

"ቀስ ብለን እናዙራት" አለ በመጨረሻ።

"እሺ ወንድም ጋሼ" አለ ሸምሱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አዛን ሲል ወደየቤታቸው መሮጥ ቀረ። የሙሉካን ሾርባ ከአንድ ሣህን ጠጡ። ሻካራው አሸዋ በደቃቅ ተተካ፣ ቀጥሎ በአመድ፣ ቀጥሎ በለስላሳ ቆዳ። በረመዳን መጨረሻ ሐጂ ዓቂቋን እብነ በረዱ ላይ አንከባለሏት። ከዳር እስከ ዳር አንዴም ሳትወላገድ ቀጥ ብላ ሄዳ ከሸምሱ መዳፍ ገባች።

"አልሐምዱሊላህ" አሉ ሐጂ። "አሁን ፍርዱን እንስማ። ተናገሩ።"

"ግድቡን ያፈረስኩት እኔ ነኝ" አለ ሸምሱ። "ችግኙን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

"የለም፣ መጀመሪያ ውሃውን የዘጋሁት እኔ ነኝ" አለ ሙህዲን።

"እሱን ተወው፣ የኔ ይብሳል።"

"ታላቅህ እኔ ነኝ፤ የኔ ነው የሚብሰው!"

ሐጂ እስኪያስላቸው ሳቁ። "ይሄኛውን ሙግት እዚያው ቦዩን እየጠረጋችሁ ጨርሱት" ብለው አሰናበቷቸው።

የኢድ ጠዋት ተክቢራው ከተማዋን ሲሞላ ሙህዲንና ሸምሱ በአንድ ሰፍ ትከሻ ለትከሻ ቆሙ። ከሰላቱ በኋላ ወደ እናታቸው ቤት ሲሄዱ ግማሹ ሰፈር ተከተላቸው። እማማ ሩቅያ ጓዛቸውን አስረው ከበሩ ጀርባ ተቀምጠው ነበር። በሩ ተንኳኳ።

"ማነው?"

"እኛ ነን" አለ ሙህዲን።

"ማንና ማን?"

"ሙህዲንና ሸምሱ!" አሉ ሁለቱም ባንድ ድምፅ።

በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። የእማማ ሩቅያ እልልታ ከዚያ በር ወጥቶ በግንቡ ሥር ዞረ ይላሉ፤ ጎረቤቱም ተቀበላቸው። ያን ቀን ጓዛቸውን የፈቱት ልጆቹ ናቸው፤ አንዱ አንዱን ጫፍ ይዞ።

ማታ ሙሉካ መደርደሪያውን ሲጠራርጉ ዓቂቋን አነሱ። እንደ ፍም ታበራለች፤ ግን ከሎሚ አትበልጥም።

"ሐጂ፣ ስንት ዓመት ጠብቀሃት እንዲህ አነሰች" አሉ።

ሐጂም፣ "ያነሰችው ድንጋይዋ ብቻ ናት" አሉ።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እኛ ሰው ስናስታርቅ ምክር እንሰጣለን። ምክር ምን ያስወጣል? ሐጂ ግን ከሚወዱት ሰጡ፤ ሲያንስም ቁጭ ብለው አዩ፤ በመጨረሻም አንሷል ብለው አላዘኑም። ከንብረታቸው የጎደለውን በሰዎቹ ላይ ሲጨመር አይተውታላ። እኛ ደግሞ አለን፤ ክብራችንን በጨርቅ ጠቅልለን፣ አንዳችም እንዳይጎድል እየጠበቅን፣ ማን እንደገፋ ስንከራከር ኢዱ የሚያልፍብን። የእናት በር ሁልጊዜ እስኪንኳኳ አይጠብቅም። የውሃው ማሰሮ አንተ ጎን ከሆነ፣ ወንድምህ እስኪጠይቅህ አትጠብቅ።