ሦስት አምፕሊፋየር ከተራራው ሥር

በአንድ ወቅት፣ ሩቅ ዘመን እንዳይመስላችሁ፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ ሰፈሩ በሙሉ «መጣ!» ብሎ በሚጮህበት በዚሁ በእኛ ዘመን፣ ከተራራ ሥር በተለጠፈች አንዲት የወሎ ከተማ ውስጥ ሦስት የአንድ እናት ልጆች ነበሩ። ታላቁ ይመር፣ መካከለኛዋ ሉባባ፣ ታናሹ ሙሂዬ ይባላሉ። በእናታቸው በእትዬ ዘሐራ ግቢ በፍቅር ይኖራሉ። የሚጣሉት በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ድምፅ በሚያጎላው ዕቃ፣ በአምፕሊፋየር።

ይመር ሬዲዮ ጠጋኝ ነው። አምፕሊፋየሩ የድሮው ባለ ቱቦ ሲሆን፣ የመስታወት ቱቦዎቹ እንደ ፍም ይቀላሉ፣ መብራት ይበላሉ፣ ቤት ያሞቃሉ። «ድምፁ ነፍስ አለው» ይላል። የሉባባ ባለ ትራንዚስተር ነው፤ ጀርባው የብረት ክንፍ፣ ክብደቱ የሲሚንቶ ከረጢት። እሷ አስተማሪ ናትና «የተሰጠውን ብቻ ይናገራል፤ አይጨምር፣ አይቀንስ» ትላለች። ባጃጅ ነጂው ሙሂዬ ደግሞ ክላስ ዲ የሚባለውን አዲሱን ዓይነት ገዛ። መዳፍ ላይ ይቀመጣል፣ አይሞቅም፣ በባጃጁ ባትሪ ሳይቀር ይሠራል። ታላላቆቹ «የሳሙና ዕቃህን አምጣት» እያሉ ያሾፉበታል፤ እውነትም ዘፈኑ ባለቀ ቁጥር ከስፒከሩ ሽሽሽ የሚል ድምፅ አይጠፋም።

እሑድ ከምሳ በኋላ እናታቸው ሳሎን ይሰበሰቡና በአንድ የሸክላ ማጫወቻና በአንድ ጥንድ ስፒከር ተራ በተራ እየሰኩ ይከራከራሉ። እትዬ ዘሐራ ጉልበታቸው አልታዘዝ ካላቸው ቆይቷል፤ ከፍራሻቸው ሳይነሱ ያዳምጣሉ። «ማን አሸነፈ?» ሲባሉ «ሁሉም ይጮኻል» ይላሉ።

ያ ክረምት ግን ክፉ ሆነ። ዝናቡ ፋታ አልሰጠም፤ ተራራው አናት ላይ ስንጥቅ ታየ። ሰው ሁሉ ፈርቷል፣ ማንም ግን ጮክ ብሎ አያወራውም፤ ስሙን ከጠሩት የሚመጣ ይመስል። በዚያ ላይ የአምናው ነገር አልተረሳም። ባለ ቱቦው ጠባይ አለው፤ የተቀመጠበትን ጠረጴዛ ቢነኩት እንኳ ቱቦዎቹ ተንቀጥቅጠው በስፒከሩ ይጮኻሉ። አምና እንዲያ ሲጮኹ ይመር «መሬቱ ሊሄድ ነው!» ብሎ ሰፈሩን በዝናብ አስወጣ። ለካ ያለፈው የጭነት መኪና ኖሯል። በዚያ ሩጫ አንዲት ነፍሰ ጡር ወደቀች፤ ፅንሱም አልተረፈም። ከዚያ ወዲህ ይመርን የሚሰማ የለም።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። አንድ እሑድ ጉሙ መስኮቱን ሸፍኖታል፤ ተራው የይመር ነበር። ሸክላው አልቆ መርፌው ተነሣ። ስፒከሩ ዝም ማለት ሲገባው «ንንንን…» አለ። ጠረጴዛውን የነካ የለም። የይመር ፊት አመድ መሰለ።

«ሰማችሁ?»

«ጋሼ፣ እንደ አምናው እንዳይሆን» አለ ሙሂዬ።

«ወላሂ መኪና የለም! እማዬን አንሷት።»

እንግዲህ ቀድሞ የሰማው ይመር ነው። እሱ ባይሰማ ኖሮ ሌላ ሸክላ ያስቀምጡ ነበር።

ሉባባ «ቆይ» አለች። «በአንተ ቃል ማን ይወጣል? በድንጋይ ነው የሚቀበሉን።» ስፒከሮቹን ነቅላ በራሷ አምፕሊፋየር ላይ ሰካች። ለትምህርት ቤት ሰልፍ የምትጠቀምበትን ማይክ በረጅም ገመድ ጓዳ ወስዳ፣ አፉን የሲሚንቶው ወለል ላይ ደፍታ፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈተችው። የሙሂዬ ቢሆን ሽሽሽታው ይውጠው ነበር፤ የይመር ቢሆን የራሱን ልቅሶ ይጨምርበት ነበር። የእሷ ግን ጭር አለ። ከዚያ ከምድር ሆድ፣ ትልቅ ወፍጮ የሚጎትት ያለ ይመስል፣ «ግርርር» መጣ። ቆመ። ደግሞ መጣ፤ አሁን ረዘም ብሎ። የሰፈሩን ሽማግሌ ሐጂ ይማምን አስጠርታ አሰማቻቸው።

«ያ ረቢ!» አሉ ሐጂው። «ሰው ይውጣ!»

እንግዲህ ያረጋገጠችው ሉባባ ናት። እሷ ባታረጋግጥ ሐጂውም አያምኑም ነበር።

ወዲያው መብራት ጠፋ። የይመርም የሉባባም ዝም አሉ። ሙሂዬ አንዱን ስፒከር ተሸክሞ ባጃጁ ውስጥ ጣለው፤ ያቺን የሳሙና ዕቃ ከባትሪው ጋር አገናኝቶ ማይኩን ለሐጂው አቀበላቸው። በጉሙ ውስጥ በየበሩ ዞሩ። «ሐጂ ይማም ነኝ! ተራራው መጣ! ልጅ ያዙ፣ ዕቃ ተዉ!» ዝናቡ የሰውን ጩኸት ይውጥ ነበር፤ ያቺን ትንሽ ዕቃ ግን አልቻላትም። ባጃጁ ጭቃ ውስጥ ሲሰምጥ ሙሂዬ አምፕሊፋየሯን ነቅሎ፣ የሐጂውን እጅ ይዞ በእግሩ አመለጠ።

እንግዲህ ሰፈሩን የጠራው ሙሂዬ ነው። እሱ ባይጠራ የተሰማውም የተረጋገጠውም ከአንድ ሳሎን አይወጣም ነበር።

ይመርና ሉባባ እናታቸውን ከነፍራሻቸው ተሸክመው የመጨረሻ ወጡ። ናዳው ጓዳውን ጠራርጎ ሳሎኑ ደፍ ላይ ቆመ። የሞተ ሰው የለም።

ግን ወዳጆቼ፣ የወረደው የተራራው ግማሽ ነው። ግማሹ እስከ ዛሬ ተንጠልጥሏል። ሰፈሩ ሌላ መሄጃ አጥቶ ተመልሶ እዚያው ገባ። የመብራት ምሰሶዎቹን ናዳው ወስዷቸዋል፤ የተገኘው ከእርዳታ የመጣ አንድ የፀሐይ ሰሌዳና አንድ ባትሪ ነው። በክረምት ፀሐይ፣ ለአንድ አምፕሊፋየር ከበቃ ትልቅ ነገር ነው።

ተራራውን እንዲጠብቅ ባትሪው ለማን አምፕሊፋየር ይሰጥ ብለው ሐጂ ይማም ሰፈሩን ሰበሰቡ።

«ቀድሞ የሰማው የእኔ ነው» አለ ይመር። «ስታጣሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን።» ነገር ግን የእሱ ቱቦዎች ባትሪውን ከቀትር በፊት ይጨርሱታል። አምና የወደቀችውም ሴት ከተሰበሰበው ሰው መካከል ቆማ ነበር፤ ሲያያት ዓይኑን ሰበረ።

«ሁለተኛ በከንቱ ካስሮጥናችሁ ለሦስተኛው ማን ይነሳል?» አለች ሉባባ። ነገር ግን እሷ ስታጣራ ጊዜ ያልፋል፤ ተራራው ደግሞ አይጠብቅም። የእሷም ቢሆን ባትሪውን እስከ ማታ አያደርሰውም።

«የእኔ ቀን ከሌት ቢከፈት አይደክም» አለ ሙሂዬ። «ሰምታችሁ ለማን ልትነግሩ ነው?» ነገር ግን የእሱ ተናጋሪ እንጂ ሰሚ አይደለም፤ ተራራው ሲያጉረመርም እሱ ሽሽሽ እያለ ይቀመጣል።

ሮጠው ማምለጥ የማይችሉት እትዬ ዘሐራ ናቸውና ሽማግሌዎቹ እሳቸውን ጠየቁ።

«ሦስቱም ከዚህ ሆድ ነው የወጡ፤ እኔ አልፈርድም» አሉ። ከዚያ ወደ ልጆቻቸው ዞሩ። «ብቻ ፈርቻለሁ። ዝናቡ ሲጀምር ጥላችሁኝ እንዳትሄዱ።»

ደመናው እየወረደ ነው። ባትሪው መሬት ላይ ተቀምጧል፣ ገመዱ በሐጂ ይማም እጅ ነው። እናንተስ፣ ያ ገደል ከአናታችሁ በላይ ተንጠልጥሎ፣ እናታችሁም ከፍራሽ የማትነሳ ብትሆን፣ ገመዱ ለማን ይገባል ትላላችሁ፤ ቀድሞ ለሚሰማው፣ ለማይዋሸው፣ ወይስ ለማይደክመው?