ኦርጋኗ፣ ቴፑና የቆራሌው እጅ

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ማዕድ ላይ በተቀመጥን ቁጥር “ለሚመጣ ሰው ቦታ ተዉ” ይል ነበር። ተጣብበን ተገፋፍተን እንኳ ከእሱ አጠገብ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ክፍት ቦታ አይጠፋም ነበር። እኔ ብዙ አልተማርኩም። ይህን ቃል ግን ይዤዋለሁ። ይህችም ተረት ከእሱ ጋር ትሄዳለችና ቀረብ በሉ፣ እግዚአብሔር የሚሰማ ጆሮ ይስጣችሁ፣ ልንገራችሁ።

ዱሮ ነው። እንስሳትም ዕቃዎችም ይነጋገሩ በነበረበት ዘመን ነው፤ መብራት ግን ገብቶ ነበር። በወይዘሮ ይመኙሻል ቤት መደርደሪያ ላይ አንዲት አሮጌ ኦርጋንና አንድ አሮጌ የካሴት ቴፕ ይኖሩ ነበር። የኦርጋኗ አንዷ ቁልፍ ሞታለች፤ ብትነካ አትጮህም። ቴፑ የሰማውን ሁሉ ይቀዳል፣ የቀዳውንም መልሶ ያሰማል፤ ክዳኑ ግን በላስቲክ ነው የታሰረው።

አንድ ቀን ጠዋት ወይዘሮ ይመኙሻል ልብስ ልታጥብ ሳፋዋን ይዛ ስትወጣ መደርደሪያውን አየችና፣ እነዚህ አቧራ ከመሰብሰብ በቀር ምን ሠሩልኝ፣ ዛሬ ቆራሌው ሲመጣ እሰጠዋለሁ አለች። ቆራሌው አሮጌ ዕቃ እየሰበሰበ የሚዞር ሰው ነው። የወሰደውን ምን እንደሚያደርገው ሁለቱም ያውቃሉ፤ ሰባብሮ ብረቱን ለብቻ፣ ፕላስቲኩን ለብቻ ነው።

ቴፑ መቀመጥ አቃተው። ካሴቱን ወደፊት ያጠነጥናል፣ ወደኋላ ያጠነጥናል።

“እህቴ፣ አንድ ነገር እንሥራ” አላት። “እግሯን የሚያነቃንቅ ምት ከሰማች አትሰጠንም።”

ኦርጋኗ ጸለየችና ጀመረች። ዱም ታካ፣ ዱም ታካ፣ ዱም... ይልና የሞተችው ቁልፍ ጋ ሲደርስ ዝም። እንደገና ዱም ታካ፣ ዱም ታካ፣ ዱም... ዝም። ቴፑ ቀዳው። ግን ይመር አይመር በምን ይወቁ? የሌላ ጆሮ እንጠይቅ ተባባሉ።

በመስኮት አውራ ዶሮውን ጠሩት። አንገቱን አዘንብሎ ሰማ። ምታችሁ አይከፋም፣ ግን እዚያ ጋ ተኝታችኋል፣ እኔ ልሙላላችሁ አለ። በዝምታዋ ላይ ኩኩሉ ብሎ ጮኸባት፤ ቴፑም ቀዳው። መልሰው ሲያሰሙት ዶሮው የራሱ ድምፅ ላይ ሲደርስ ክንፉን መታ፤ ሌላውን አልሰማውም።

ከሩቅ፣ ከወንዙ ማዶ፣ “ቆራሌው” የሚል ድምፅ መጣ።

“ቶሎ በይ፣ ሌላ እንጠይቅ” አለ ቴፑ። አጥር ሥር የቆመችውን አህያ ጠሩ። አህያዋ ሰማችና፣ ዶሮ ምን ያውቃል፣ ይህ ጭነት የለውም፣ ጀርባ ላይ አይሰማም አለች። በዚያችው ቦታ ላይ መሬቱን በኮቴዋ ደበደበች። ተቀዳ። መልሰው ሲያሰሙት አህያዋ የራሷ ኮቴ ጋ ሲደርስ ጆሮዋን አቆመች፤ ሌላውን አልሰማችውም።

“ቆራሌው” አለ ድምፁ። አሁን ወፍጮ ቤቱ ጋ ደርሷል።

ከምድጃው ጥግ ድመቷን ቀሰቀሷት።

“ዶሮና አህያ አማክሮ ሙዚቃ የሠራ ዛሬ ገና አየሁ” አለች ድመቷ። ከዚያ፣ ዕቃ ሲወድቅ የመሰለ የሚያምር ድምፅ የለም ብላ፣ በዚያችው ቦታ ላይ የድስቱን ክዳን በመዳፏ ገፍታ ጣለች። እሱም ተቀዳ። ድመቷ የራሷን ክዳን ሰማችና ተመልሳ ተኛች።

አሁን ምቱ ዱም ታካ፣ ዱም ታካ፣ ዱም ኩኩሉ ድብ ድብ ኳ ሆነ።

“ቆራሌው” አለ ድምፁ። በር ላይ ነው።

ወይዘሮ ይመኙሻል መደርደሪያውን አሳየችውና ወደ ሳፋዋ ተመለሰች። የማያውቁት ሰው ነው፤ አቧራ የለበሰ፣ ጆንያ በትከሻው። ቴፑ ያለ የሌለ ድምፁን ለቀቀው፤ ኦርጋኗም አብራ መታች። ሰውየው ቆም አለ። እጆቹ ለጭብጨባ ከፍ አሉ፤ ወዲያው ግን መግቢያ እንዳጣ ሰው ወረዱ። ወይዘሮ ይመኙሻልም ከሳፋዋ ቀና አላለችም። ሰውየው የቴፑን ገመድ ከሶኬቱ ነቀለና ጆንያው ውስጥ ከተተው።

ቴፑ ዝም ሲል ዶሮውም ኮቴውም ክዳኑም አብረው ዝም አሉ። ኦርጋኗ ብቻዋን ቀረች። ከድንጋጤዋ የተነሳ ማቆም አልቻለችም። “አምላኬ፣ አንተ ታውቃለህ” አለችና ያንኑ የመጀመሪያውን መታች። ዱም ታካ፣ ዱም ታካ፣ ዱም...

ጧ አለ የሰውየው እጅ።

ዱም ታካ፣ ዱም ታካ፣ ዱም... ጧ። ከውጭም በእርጥብ እጅ ሌላ ጧ መለሰ። ወይዘሮ ይመኙሻል አረፋ በአረፋ ሆና እየሳቀች ገባች። “በል የኔ ወንድም፣ ያንንም ከጆንያህ አውጣልኝ። ሐሳቤን ቀይሬያለሁ” አለችው።

ሰውየው ቴፑን በእጅጌው ጠርጎ መለሰው። ኦርጋኗ ግን አሁንም ልቧ አላረፈም። አፍራ ይቅርታ ጠየቀችው። አንዷ ቁልፌ ሞታ ነው፣ እዚያ ጋ ባዶ ይሆናል፣ ምን ብንጨምርበት ይሻላል አለችው።

እንግዳው ጆንያውን አነሳ፣ በር ላይ ደርሶ ዞረ፣ እንዲህም አላት፦

“ምንም አትጨምሪበት። የእኔ እጅ የሚገባው እዚያ ነው።”