የጅብ ቅራሪ

አንድ ጊዜ አንበሳ ሥጋ ሰልችቶት ይሁን ጥርሱ አርጅቶ፣ አራዊቱን ሁሉ እረሱ አላቸው። ለአህያ፣ ለጅብና ለቀበሮ ጎን ለጎን ማሳ ሰጣቸው። አህያና ጅብ ስንዴ ዘሩ፤ ቀበሮ ባቄላ ዘራች።

«በአገሬ የሚያርስ በማንም አይበላም» አለ አንበሳ። «አዝመራው ሲደርስ እመጣለሁ። ማሳው ባዶ የሆነበት ወንዙን ተሻግሮ ይሂድልኝ።»

ከወንዙ ማዶ የጅብ ዘመዶች ይኖሩ ነበር። አህያ ይህን ስለምታውቅ እንቅልፍ አጣች። ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ታርማለች። ትጎነበሳለች፣ አረም ትነቅላለች፣ ጆሮዋን ታቆማለች፣ እንደገና ትጎነበሳለች። ጅብም በድንበሩ ላይ ወዲያና ወዲህ ይላል። እርሱም አይተኛም። እርሱን ያላስተኛው ግን ሆዱ ነበር።

«እመት አህያ፣ ከሳሽ እኮ» ይላታል።

«ለማን ልወፍር?» ትለዋለች፤ ቀና ሳትል።

ጅብ መታገሥ አቃተውና ወደ ቀበሮ ሄደ። ቀበሮ ጎንበስ ብላ አርማ አታውቅም። የነካውን ቅጠል ሁሉ የሚያደርቅ መድኃኒት በጀሪካን አስቀምጣ ነበር።

«አያ ጅቦ፣ ምን ያቁነጠንጥሃል?»

«የአህያ ስንዴ። እርሱ ከደረቀ ወንዙን ትሻገራለች። ከተሻገረች ደግሞ ዘመዶቼ ሳይቀድሙኝ…» ምራቁን ዋጠ።

«የበግ ላት ታመጣለህ?»

«አመጣለሁ።»

ቀበሮ ከጀሪካኑ አንድ ቀንድ ሙሉ ቀዳችለት። «በአንድ እንስራ ውኃ በጥብጠህ እርጨው። ደግሞ እንዳትቀምሰው፤ አውቅሃለሁ።»

ጅብ ሲጣደፍ ድንበሩ ላይ ተደናቀፈ። መድኃኒቱ ሣሩ ላይ ፈሰሰ፤ በቀንዱ ውስጥ ጠብ የምትል ነገር ብቻ ቀረች። ወደ ቀበሮ ቢመለስ ሌላ ላት ልትጠይቀው ነው። ቆሞ አሰበ። ማሰብ ደግሞ ያደክመዋል።

«ጠላው ሲያልቅ ውኃ ተጨምሮበት ቅራሪ ይወጣ የለም እንዴ?» አለ ለራሱ። «ይኼስ ምን ልዩነት አለው?»

ያችኑ ጠብታ በእንስራው ውኃ በጠበጣት። በቅጠል እየነከረ የአህያን ማሳ እስከ እኩሌታው ረጨና ሮጠ።

አህያ በማግሥቱ የማታውቀው ነገር ሸተታት። ማሳዋን ዞረችው፤ ምንም የለም። እንደገና ዞረችው። ከቀናት በኋላ ድንበሩ ላይ ያለው ሣር ጅብ የሚተኛበትን ያህል ቦታ ክው ብሎ ደርቆ አየች። ከድንበሩ ወዲህ ያለው የስንዴዋ እኩሌታ ግን ቅጠሉ ሰፍቷል፤ ቁመቱ ከሌላው በስንዝር ይበልጣል። ደስ አላላትም። ያልደከመችበት ልምላሜ ነበር። አንድ ቅጠል አሸተተች፤ የደረቀውንም ሣር አሸተተች። ሽታው አንድ ነው።

ጅብ የሞተ ስንዴ ሊያይ መጥቶ ይህን ሲያይ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ ተነስቶ ወደ ቀበሮ በረረ።

«አድርቂልኝ አልኩሽ እንጂ ቀልቢልኝ አልኩሽ?»

«ቀንዱን ሙሉ ረጭተሃል?»

«የት አባቱ። ፈሶብኝ አንዲት ጠብታ ናት የተረፈችኝ።»

ቀበሮ ነገሩ ገባት። ጆሮዋን አከከች። የጅብ ዓይን ግን መብራት ጀመረ።

«ቆይ እስቲ፣ አንዲት ጠብታ እንዲህ ካደለበች ሙሉው ጀሪካን ምን ሊያደርግ ነው?»

«እኔ ምን አውቄ» አለች ቀበሮ። «ጀሪካኑ ግን በሙሉ በግ ነው።»

ጅብ በጉን ሰጥቶ ጀሪካኑን ተሸክሞ ሲያዘግም፣ አህያ ድንበሩ ላይ አገኘችው።

«አያ ጅቦ፣ ምን ይዘሃል?»

«ማድለቢያ። ዘንድሮ የእኔን ስንዴ ታያለሽ።»

«ና፣ መጀመሪያ ይህን ሣር እይ። የበዛበት እዚህ ነው፤ ያነሰበት እዚያ ነው። ሁለቱም የአንድ ነገር ሥራ ነው።»

«እንዳልበልጥሽ ፈርተሽ ነው።»

«ፈርቻለሁ» አለች አህያ። «እኔ ሁልጊዜ እፈራለሁ። ስለዚህ መሬቱን አይቼ ነው የምረግጠው። ደግሞ ነፋስ አለ፤ ጎረቤት ነን።»

«አህያ መከረኝ ብዬ ለዘመዶቼ ላውራ?» አለና አልፏት ሄደ።

ጀሪካኑን እስኪያልቅ በማሳው ላይ አርከፈከፈው። የዚያን ዕለት ነፋሱ ወደ ቀበሮ ማሳ ይነፍስ ነበር። ጅብ ከዚያ ወዲያ መቀመጥ አልቻለም፤ በየጠዋቱ እየመጣ ስንዴው አድጎ እንደሆነ በቁመቱ ይለካ ነበር። ስንዴው መጀመሪያ ቢጫ ሆነ። «ፍሬው ደረሰ ማለት ነው» አለ። ከዚያ ገለባ ሆነ። ከዚያ ወዲያ መለካቱን ተወ።

አዝመራው ሲደርስ አንበሳ መጣ። በአህያ ማሳ ውስጥ ገባ። ያልተረጨው እኩሌታ ቀጥ ብሎ ቆሟል። የተረጨው ቁመቱን መሸከም አቅቶት መሬት ላይ ተኝቷል።

«ይኼኛው ለምን ወደቀ?»

«ሳልጠራው የመጣ ልምላሜ ነው ጌታዬ። ቢሆንም ከመሬት ለቅሜ አጭደዋለሁ።»

አንበሳ ራሱን ነቀነቀ። ወደ ጅብ ዞረ።

«ያንተስ?»

«ጌታዬ፣ አደልባለሁ ብዬ…»

«ወንዙ በዚያ በኩል ነው።»

ቀበሮ ከኋላ ቀስ ብላ ልትሰወር ስትል ጠራት። ባቄላዋ ከሥሩ እስከ ጫፉ ጠቁሮ ተኮራምቷል።

«ያንቺስ?»

«ነፋስ ነው ጌታዬ።»

«ነፋሱ ምን ይዞ መጣ?»

ቀበሮ ጅራቷን ወሽቃ ወደ ወንዙ አቀናች።

ሁለቱ ወንዙን አብረው ተሻገሩ። «በጌን መልሺ» ይላል አንዱ። «ማን ቅራሪ ጥመቅ አለህ?» ትላለች ሌላዋ። ድምፃቸው እስኪጠፋ አህያ ጆሮዋን አላወረደችም።

ከዚያም ለመኝታ አልሄደችም። ከመጪው ዘር በፊት ያ የደረቀ ሣር ዳግም ይበቅል እንደሆነ ለማየት ድንበሩን ዞረችው።

ከዚህ የምንማረው፣ ጥቂቱ ያለመለመውን አይተን ብዙውን ከማፍሰሳችን በፊት፣ የፈሰሰበትን ሣር ሄደን ማየት እንዳለብን ነው።