ያልተነካ ሞተር

አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው እንቁላል መነገድ ነው። ጥያቄህን ዘንግቼው አይደለም። «ተጣልቶ የታረቀ ወንድም እንደ ድሮው ይታመናል ወይ?» ብለኸኛል፤ ሰምቻለሁ። አንተ ግን ቁጭ በልና ስማ። አንድ እግርህን ደጅ አድርገህ ምክር አይሰማም።

ይህ እንቁላል ነጋዴ በአንዲት ትንሽ ከተማ ይኖራል። አንዲት ርካሽ መኪናም ነበረችው። እንቁላሉን በሷ ጭኖ፣ ገደሉን ወርዶ ዳገቱን ወጥቶ፣ ማዶ ካለው ትልቅ ከተማ ያደርሳል። ታዲያ አንድ የበጋ ቀን ውሃዋን ሳያይ ተነሣና ሞተሯን አቃጠለው። ጥፋቱ የራሱ ነው፤ ይቺን ልብ በልልኝ። መካኒኩ ሞተሯን አወረደው። ሰውየው ሦስት ቀን ሙሉ ከጋራዡ ንቅንቅ አላለም። መካኒኩም እያንዳንዱን ብሎን ሲፈታ «ይሄ ተጎድቷል፣ ይሄ ደህና ነው» እያለ ያሳየዋል። መልሰው ሲገጥሙ የራዲያተሩን ቱቦ የምታጠብቀውን ቀለበት በእጁ አስያዘው።

«ይቺን አንተ እሰራት» አለው። «ነገ ብታስቸግርህ የምታስቸግርህ እሷ ናት፤ እጅህ ይወቃት።»

መኪናዋ ዳነች። ሰውየው ግን ከዚያ ወዲያ በሰው ፊት ያፍርባት ጀመር።

ለምን ብትል፣ ከተማዋ ዳር አንድ ላቫጆ አለ። ባለመኪኖች እሑድ እሑድ መኪናቸውን እያሳጠቡ እዚያ ይከራከራሉ። ክርክራቸው ሁልጊዜ ያው ነው፤ ከርካሽ መኪና የትኛዋ ዕድሜ አላት፣ ስትሸጥስ የትኛዋ ዋጋዋን አትጥልም? አንዱ «ርካሽ መኪና አምስት ዓመት ካገለገለች ተመስገን ነው» ይላል። ሌላው «ዝም በል እባክህ! መለዋወጫዋ እንደ ሽንኩርት በየሱቁ ነው፤ ልጅህን ትድርባታለህ» ይለዋል። በመጨረሻ ግን ሁሉም አንድ ቃል ላይ ይገናኛሉ፤ ሞተሩ ያልተነካ ነው ወይ? ያልተነካ ከሆነ እሰየው። አንዴ ከወረደ ግን፣ እንደነሱ አባባል፣ ቆርቆሮ ነው።

ከነሱ መካከል ባለወፍጮ የሆነ አንድ ሀብታም ሰው ነበረ። ገንዘብ ሞልቶት ሳለ ቆንቋና ነውና የገዛው ያችኑ ርካሽ መኪና ነው። ዓመቷም ሥሪቷም ከእንቁላል ነጋዴው መኪና ጋር አንድ ነው። የሱ ሞተር ግን አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ያልተነካ! መካኒክ አጠገቧ አያስደርስም። አጣቢዎቹን እንኳ «ዋ! ኮፈኑን እንዳትከፍቱ!» እያለ ይጮህባቸዋል። ነጋዴውን ባየው ቁጥር ደግሞ «አንተ፣ ያቺ ኦፕራሲዮን የሆነችው እንዴት ናት? ቁስሏ ደረቀ?» ይለዋል። ሰው ሁሉ ይስቃል። ነጋዴውም አብሮ ይስቃል።

ስም ከቤት ይወጣል ሲባል ነበር የምናውቀው። የዚህ ሰው መኪና ስም ግን ከላቫጆ ወጥቶ ቤቱ ገባ። ቀስ በቀስ እሱም ራሱ ተጠራጠራት። ሲጥ ባለች ቁጥር ይደነግጣል። ምንም ሳትሆን ሁለቴ መንገድ ዳር አቁሟት ወርዶ አይቷታል።

በዚህ መካከል ሚስቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን ልትወልድ ደረሰች። የጤና ጣቢያዋ አዋላጅ ሆዷን ዳሰሰችና «ልጁ በአግድም ነው የተኛው። እዚህ አይሆንም፤ ነገ ዛሬ ሳትይ ማዶ ሆስፒታል ግቢ» አለቻት። ነጋዴው የራሱን መኪና ትቶ ወደ ባለወፍጮው ሮጠ።

«ጋሼ፣ የኔዋን አላምናትም። ባልተነካችዋ ያድርሱልኝ» አለው።

ባለወፍጮው አፉ እንጂ ልቡ ክፉ አልነበረም። «ምን ገዶኝ! ራሴ ነድቼ አደርሳታለሁ» አለ።

ሚስትየው ግን ደስ አላላትም። «እኔ የማምነው የኛዋን ነው» አለች ለባሏ። «የሷን ሕመም አውቀዋለሁ። የሳቸውን ማን ያውቃል? ቢያንስ ከኋላ ትከተለን።» መካኒኩም መለዋወጫ ሊገዛ ማዶ የሚሄድበት ቀን ነበርና የነሱን መኪና እየነዳ ሊከተላቸው ተስማማ።

ጠዋት ተነሡ። ገደሉን በሰላም ወረዱ። ዳገቱ ወገብ ላይ ሲደርሱ ግን ያልተነካችው መኪና መቃጠል መቃጠል ሸተተች። መካኒኩ ከኋላ ጥሩምባ እየነፋ አስቆማቸውና ኮፈኑን ሊከፍት እጁን ዘረጋ። ባለወፍጮው ዘሎ ወርዶ እጁን ግራና ቀኝ ዘርግቶ ተገተረበት።

«አይነካም! አሥራ አምስት ዓመት የጠበቅሁትን ዛሬ ገደል አፋፍ ላይ አላስነካም! ትንሽ ትረፍ፣ ይበቃታል።»

«ጋሼ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አለው መካኒኩ። ወይ ፍንክች!

ይህን ሲባባሉ ሴትየዋ ከውስጥ ጮኸች። ምጡ መጣ። መካኒኩ ጊዜ አላጠፋም፤ ቁልፉን አውጥቶ ለነጋዴው ሰጠው።

«በል ሚስትህን በራስህ መኪና ይዘህ ሂድ። እኔ ከጋሼ ጋር እቀራለሁ።»

«ብትቆምብኝስ?» አለ ነጋዴው።

«ስትፈታም ስትገጠምም አጠገቤ ነበርክ እኮ! ከአንተ በላይ ማን ያውቃታል? ሂድ!»

ሚስቱን ደግፎ አሸጋገራትና ነዳ። ሁለት መታጠፊያ እንዳለፈ፣ የእግዜር ያለህ፣ ከፊት «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ሰማ። ይኸው፣ የላቫጆ ሰዎች እውነታቸውን ነው፤ አንዴ የተነካ ነገር አይሆንም፣ ሚስቴንም ልጄንም ገደልኳቸው፣ አለ በልቡ። ሚስቱ «ምንድን ነው?» አለችው። መልስ ሊሰጣት አፉን ሲከፍት ድምፁን ደግሞ ሰማው። ያውቀዋል! ያቺ በእጁ ያሰራት ቀለበት ናት፤ ላልታለች፣ ሌላ ምንም አይደለም።

«የምናውቃት ናት፤ አይዞሽ» አላት።

ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። እንፋሎቱ እስኪበርድ ጠበቀ፤ ያቺ ጥበቃ ዓመት ሆነችበት። ከዚያ ካቻቢቴውን አንሥቶ ቀለበቷን አጠበቀ፣ ከጄሪካኑ ውሃ ሞላና ቁልፉን አዞረ። ተነሣች! ሽቅብ ይዛቸው ወጣች፤ ሆስፒታሉ በር ድረስ አንዴም አልቆመችም።

ሚስቱ በኦፕራሲዮን ሴት ልጅ ወለደች። ሐኪሙ ወጥቶ «በሰዓቱ ደርሳችኋል፤ እናትም ልጅም ደህና ናቸው» ሲለው ነጋዴው ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። እፎይ! ከዚያ ደጅ ወጥቶ መኪናዋን ኮፈኗ ላይ ሳማት። የሚያየው ሰው አበደ ብሎ ይሆናል፤ ይበል። ሲመለስ ሚስቱ ነቅታ ነበር።

«እንግዲህ እኔም ተነካሁ» አለችው እየሳቀች። «ዋጋዬን ልትጥል ነው?»

ባለወፍጮውስ? መኪናው ያን ቀን በገመድ ተጎትታ ተመለሰች። አንድ ሳምንት አኩርፎ ከረመና አንገቱን ደፍቶ ጋራዥ መጣ። «ክፈቱት» አለ። ሲከፍቱት የውሃው መንገድ ሁሉ በዝገትና በጭቃ ተደፍኗል። መካኒኩ በጣቱ ዝቆ አሳየው።

«ይሄ ያልተነካ አይደለም ጋሼ፤ ያልታየ ነው።»

ሞተሩ ወረደ፣ ተጠረገ፣ ተገጠመ። ዛሬ ላቫጆ ብትሄድ ያ ሽማግሌ ኮፈኑን በርግዶ ከፍቶ ላለፈ ላገደመው «ወርዷል! የኔም ወርዷል! ኑና እዩት!» ሲል ታገኘዋለህ። ፊቱ ላይ ያለውን እፎይታ ባየህልኝ፤ የሚጠብቀው ነገር የለውማ።

እንግዲህ አንተ ልጅ፣ ያ «ድሮ» የምትለው የአንተና የወንድምህ ጊዜ ሁሉ ኮፈኑ ያልተከፈተ ነበር። ቅያሜ ከሥር እየዛገ፣ ከላይ መኪናው ይታጠባል። ባለፈው ግን ሽማግሌ ፊት ተቀምጣችሁ ሁሉንም አወጣችሁት። እሱ የቱ ጋ እንደሚግል አንተ አየህ፤ አንተም የቱ ጋ እንደምትላላ እሱ አየ። ውሃውን ሳያይ የነዳው ማን እንደነበር ደግሞ እኔም አንተም እናውቃለን፤ አታስለፍልፈኝ። «እንደ ድሮው ይታመናል ወይ?» አትበለኝ። ድሮ መቼ አወቅኸውና ነው ያመንከው? እርግጥ ነው፣ አንድ ቀን «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ትሰማለህ። ያን ጊዜ ወርደህ ያቺን የምታውቃትን ቀለበት አጥብቅ፤ አለቀ።

ለምሳ የጠራህ ዛሬ አይደለም እንዴ? ታዲያ እኔ ዘንድ ምን ትሠራለህ? ተነሥ፤ ወንድምህ በር በሩን እያየ ነው።