ዳኛውና ሥራ ፈት ጉንዳኖቹ

አንድ ዳኛ ነበር። በወጣትነቱ ጉንዳን ማርባት ይወድ ነበር። የመስታወት ሳጥን ውስጥ አፈር ሞልቶ፣ ንግሥቲቱን ከነልጆቿ አስገብቶ፣ በደረቱ ተኝቶ ሲያያቸው ይውላል። ማር በጥጥ ነክሮ ያስቀምጥላቸዋል፣ የሞተ ዝንብ ይጥልላቸዋል፤ ከዚያ በኋላ እጁን አያስገባባቸውም። ዳኛ ሆኖ ሲሾም ግን ዘመዶቹ «ሹመትና ጉንዳን አብሮ አይሄድም» ብለው ሳቁበት። እሱም አፍሮ ሳጥኑን ለጎረቤት ሰጠና ተወው።

ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን ከችሎት ሲወጣ ጉንዳኖች የሞተ አንበጣ ተሸክመው ግድግዳውን ሲወጡ አየና እዚያው ቆሞ ቀረ። የድሮው ፍቅር ተቀሰቀሰበት። ብዙም ሳይቆይ አዲስ ሳጥን አሠርቶ፣ አንድ ጉድጓድ ሙሉ ጉንዳን ከነንግሥቲቱ አስቆፍሮ አስገባ። እስከዚህ ድረስ የሚወቀስበት ነገር የለም፤ የወጣትነት ፍቅሩን ያልረሳ ሰው እንዲያውም ደስ ይላል።

ችግሩ ሰውዬው ወደ ጉንዳኖቹ የተመለሰው ችሎቱን ይዞ መሆኑ ነው። ድሮ አይቶ ይደነቅ የነበረውን አሁን ይመረምረው ጀመር። አንዳንዶቹ አፈር ያወጣሉ፣ አንዳንዶቹ እንቁላል ይልሳሉ፤ ብዙዎቹ ግን ጥግ ይዘው ዝም ብለው ቆመዋል። በማግሥቱም ቢያይ እንደቆሙ ናቸው። ዳኛው ተቆጣ። «በሌላው ላብ የምትበሉ!» አለና ወረንጦ አምጥቶ አንድ በአንድ እየለቀመ ወደ ውጭ ጣላቸው።

በዚያው ሰሞን ከተማውንም ላጽዳ ብሎ ተነሣ። በገበያው ግንብ ሥር ሁልጊዜ የሚቀመጡ ሰዎች ነበሩ። ቃሬዛቸውን ግንቡ ላይ አስደግፈው፣ ገመዳቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ይቀመጣሉ። ዳኛው አስጠርቶ «ምን ትሠራላችሁ?» ሲል ጠየቃቸው።

ከመካከላቸው ጥጋቡ የሚባለው «እንጠብቃለን፣ ጌታዬ» አለ።

«ምኑን? መና ከሰማይ እስኪወርድ?» አለ ዳኛው። አጃቢዎቹ ሳቁ። ጥጋቡ ላስረዳ ብሎ አፉን ሲከፍት «በቃ!» ተባለ። ሁሉም ከከተማው እንዲወጡ፣ ተመልሶ የተገኘም እንዲታሰር ተፈረደባቸው።

እንግዲህ በቋንቋችን እንግዳ የሚጠብቅም ይጠብቃል፣ በር የሚጠብቅም ይጠብቃል። ጥጋቡ ሁለቱንም ነበር የተናገረው። ሸክም እስኪመጣ ይጠብቃሉ፤ ሸክም እስኪመጣ ድረስ ደግሞ ከተማውን ይጠብቃሉ። ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ሐኪም ቤት የሚያደርሱት እነሱ ናቸው። ወፍጮ ቤቱ ሲቃጠል ጣሪያው ላይ የወጡትም እነሱ ናቸው። ዳኛው ግን ከሁለቱ ትርጉም ለንቀቱ የሚመቸውን መረጠ። ከተማውስ? ሁሉም እውነቱን ያውቅ ነበር፤ ሲፈረድባቸው ግን አንድ ሰው እንኳ ትንፍሽ አላለም። ይህንንም ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም።

ክረምት ገባ። ዳኛው ጉንዳኖቹን ውሃ ሲያጠጣ ሳያስበው አበዛባቸውና የሳጥኑ ታች ጨቀየ። እንቁላሎቹን ፈጥኖ ወደ ላይ የሚያሸሽ ብዙ ጉንዳን ያስፈልግ ነበር። የቀሩት ጥቂቶች ተሯሯጡ፤ አንዱን ሲያወጡ ሌላው ሰመጠ። ለካ እነዚያ ቆመው የሚውሉት ጉልበታቸውን ለእንዲህ ያለው ቀን ያቆዩ ነበሩ። እንቁላሎቹ አለቁ፤ ንግሥቲቱም ሞተች። ዳኛው ይህን ሲያይ አለቀሰ። የምሬን ነው፣ እንባው ወረደ።

ከዚያ ሌሎች ጉንዳኖች አስመጣ። አሁን ተምሯልና ወረንጦውን አርቆ ጣለው። ጉንዳኖቹም በዙ፤ ሹማምንት ሊያዩለት ይመጡ ጀመር። ዳኛው ሳጥኑ ላይ ጎንበስ ብሎ «እነዚህን የቆሙትን ሥራ ፈት እንዳትሏቸው። የክፉ ቀን ደራሾች ናቸው፤ እነሱን ያባረረ የገዛ ቤቱን አፈረሰ» እያለ ያስተምራል። እንግዶቹም «እንዴት ያለ ጥበብ ነው እባካችሁ!» እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ታዲያ አንድ ቀን እንዲህ ሲያስተምር የጥጋቡ ሚስት ትርንጎ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ባሏ ከተባረረ ወዲህ ልጆቿን ይዛ ብቻዋን ቀርታለች፤ ፍርዱ እንዲነሣላት አቤት ልትል ነው የመጣችው።

«ጌታዬ፣ ባሌም እኮ እንደነዚህ ነበር» አለች። «እሱንም ይመልሱልኝ።»

የዳኛው ፊት ጠቆረ።

«የጉንዳን ነገር ሌላ፣ የፍርድ ነገር ሌላ። የተፈረደ ተፈርዷል። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።»

«ለጉንዳኖቹ ሲሆን ታፍሶ የለም እንዴ?» አለች ትርንጎ። «ለነሱ ያለቀሰ ዓይን እኛን ማየት እንዴት ያቅተዋል?»

«አውጧት!»

አወጧት። እሷም ጓዟን ጠቅልላ፣ ልጆቿን አስከትላ ባሏ ወዳለበት ሄደች። እንግዶቹ እንደገና ወደ ሳጥኑ ጎንበስ አሉ፤ አንደኛው «ማር ይወዳሉ?» ብሎ ጠየቀ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ሳያውቅ ያጠፋ ሰው ይመከራል፣ ይማራል፣ ይቅርም ይባላል። ይህ ሰው ግን አውቋል፤ ያውም አልቅሶ ነው ያወቀው። ያወቀውን ግን ከሳጥኑ ውጭ አላዋለውም፤ ዓይኑን በጨው አጥቦ ባባረራቸው ሰዎች እውነት ጥበበኛ ተባለበት። ለጉንዳን ማዘን ቀላል ነው፤ ጉንዳን «ተሳስቻለሁ በል» አይልም። ጥጋቡን መመለስ ግን በሕዝብ ፊት «ተሳስቻለሁ» ማለትን ይጠይቃል፤ ዳኛው የሸሸውም ይህችን አንዲት ቃል ነው። እውቀት እውቀት የሚባለው የበደሉትን ሰው ሲያስክስ ነው፤ እንግዳ ማስደነቂያ ሲሆን ግን ሌላ በደል ነው።

እናንተስ፣ አምናችሁበት ለሌላው የምትመክሩትን እውነት ለየትኛው ሰው ነው የከለከላችሁት?