ዔሊ የቆጠራቸው ነጥቦች

ተረት ተረት ብዬ መጣሁ፤ ጆሮ ያለው ይስማኝ።

በአንድ ጫካ ውስጥ ሳያረጋግጥ ቃል የማይወጣው ዔሊ ነበር። አንድ ማለዳ ሲንሸራሸር ከቅጠል ሥር አይቶ የማያውቃት የእሳት እራት አገኘ።

«አያ ዔሊ፣ ገና ሕፃን ሳለሁ ነፋስ ከዘመዶቼ ለየኝ። ዘሬን ለይተው መንደሬን ያመልክቱኝ» ስትል ለመነችው።

ዔሊ የክንፎቿን ነጥቦች ቆጠረ፤ እንደ ወንዝ ማዶዎቹ የእሳት እራቶች ሰባት ሆኑ። «የወንዝ ማዶዎቹ ልጅ ነሽ» ሊላት አፉን ከፈተና «ብሳሳትስ?» ብሎ ተወው። በደንብ እንዲታዩት ክንፎቿን በእግሩ ጠረግ አድርጎ እንደገና ቢቆጥር ስድስት ሆኑበት። ደንግጦ ደግሞ ጠረገ፤ አምስት።

ጦጢት ከዛፍ ላይ ሆና ሳቀችበት። «አያ ዔሊ፣ አንተ ቆጥረህ እስክትጨርስ እኔ የልጅ ልጅ እድራለሁ!»

«ከመሳሳት መዘግየት ይሻላል» አለና መጥረጉን ቀጠለ።

ቀትር ላይ ክንፎቿ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳሱ፤ አንድም ነጥብ አልቀረባቸውም። እሷም መንቀሳቀስ አቆመች።

ያኔ ሌላ የእሳት እራት ከወንዙ ማዶ እየበረረች መጣች። «አያ ዔሊ፣ የጠፋች እህቴን አይተዋታል? እንደኔው ባለ ሰባት ነጥብ ናት።»

ዔሊ እግሩን አየ። የጠረገው ክንፍ ብናኝ እንደ ዱቄት ተጣብቆበታል። አሁን እርግጠኛ ሆነ። አንገቱን ግን ቀስ ብሎ ወደ ድንጋይ ልብሱ ውስጥ ሳበ።

ተረቴን መልሱ፤ ዳቦው ይቅርብኝ።